ቨርቡ የታለ?

«በሚከተሉት ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ቨርቡን ፈልገህ አስምርበት።» ይህችን ትእዛዝ የጻፈው ሰው ማታ ቤቱ ገብቶ ደህና እንቅልፍ ይተኛ ይሆናል። የእኛን እንቅልፍ ግን የምትፈጀው እሷ ናት። አንድ መስመር ናት፣ ስትታይ የዋህ ናት፤ በየቤቱ ያመጣችውን ጭቅጭቅ የሚያውቀው የእንግሊዝኛ ወርክሺት ከልጅ ቦርሳ ሲወጣ አይቶ ልቡ የሚወርድበት ወላጅ ብቻ ነው።

ሁላችንም የታጠቅነው መሣሪያ አንድ ነው። «ቨርብ ማለት ድርጊትን የሚገልጽ ቃል ነው።» በኅብረት እየጮኽን ተምረነዋል፤ ልጆቻችንም እንዲሁ እየጮኹ ይማሩታል። ትርጓሜው ሰሌዳ ላይ እስካለ ድረስ አንዳች እንከን አይወጣለትም። ሥራ ላይ ሲውል ነው ጉዱ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ሺ ኢዝ ማይ ሲስተር» ይላል። እህትየዋ ምን አደረገች? ምንም። ቁጭ ብላ እህት ሆነች። ሁለተኛው «ዚስ ቡክ ቢሎንግስ ቱ ሂም» ነው፤ መጽሐፉም የሰው ንብረት ከመሆን በቀር የፈጸመው ነገር የለም። ሦስተኛው ላይ «ዘ ፋይት ላስትድ አን አወር» ይመጣል፤ ልጁ በመጨረሻ ድርጊት አገኘሁ ብሎ ደስ እያለው ፋይት ላይ ያሰምራል። ድብድብ ድርጊት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? በማግሥቱ ደብተሩ ቀይ ኤክስ ታቅፎ ይመለሳል። ቨርቡ ላስትድ ነው ተባለ፤ አንድ ሰዓት ከመቆየት ሌላ ምንም ያልሠራው ቃል።

ልጁ ምን አጠፋ? የተነገረውን አምኖ ሠራበት። ያላመነውና ከጎኑ የገለበጠው ራይት አገኘ።

የእኛ ነገር የሚብሰው ከየት ተነሥተን ወደ የት እንደምንሄድ ሲታሰብ ነው። የአማርኛ ግሥ አይደበቅም። ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ያውም አድራጊውን፣ ተደራጊውን፣ አሉታውን ሁሉ ተሸክሞ። «አልነገርኳቸውም» ብሎ ነገሩን በአንድ ቃል የዘጋ ልጅ እንግሊዝኛው ውስጥ ሲገባ «አይ ዲድ ኖት ቴል ዜም» ብሎ አምስት ቃል ይደረድራል። ከዚያ ከአምስቱ ቨርቡ የትኛው ነው ይባላል። ዲድ ነው? ቴል ነው? አንዱ አጋዥ መጽሐፍ ዲድን «ሄልፒንግ ቨርብ» ብሎ ለብቻው ያስቀምጠዋል፤ ሌላው ሁለቱንም አንድ ላይ አስምርባቸው ይላል፤ መሐል የገባችው ኖት ደግሞ መስመሩን ስለምትቆርጠው እሷን እንዝለላት ወይስ እንጨምራት የሚል ሌላ ክርክር ይነሣል። ኖት አድቨርብ ናት ይላሉ። እሺ፣ ትሁን።

ዋናው ጣጣ ግን የእንግሊዝኛ ቃል ለብቻው ቆሞ ምን እንደሆነ አለመናገሩ ነው። ዋተር ውሃ ነው ብለን ናውን ውስጥ መዝግበን ከጨረስን በኋላ «ፕሊዝ ዋተር ዘ ፍላወርስ» ይመጣል፤ ውሃው ማጠጣት ሆነ። ራውንድን ተመልከቱ። «ኤ ራውንድ ቴብል» ሲባል አጀክቲቭ ነው። «ዘ ሰከንድ ራውንድ» ሲባል ናውን ነው። መኪናው ጥግ ታጥፎ ሲዞር ቨርብ ይሆናል፤ «ተርን ራውንድ» ሲሉት አድቨርብ፣ «ራውንድ ዘ ሃውስ» ሲሉት ፕሪፖዚሽን። ፊደሉ አንድ፣ ድምፁ አንድ፣ ሥራው አምስት። አማርኛችንም ንጹሕ ነኝ አይልም፤ «ይበላል» ተብሎ ሲጻፍ የሚበላው ሰውየው ይሁን እንጀራው ሳይጠብቅና ሳይላላ ከወረቀቱ አይታወቅም። ግን ጠበቀም ላላም ያው ግሥ ነው፤ ድንገት ተነሥቶ መስተዋድድ አይሆንም።

እንግዲህ ቃሉን አፍጥጦ እያዩ «አንተ ምንድን ነህ?» ማለት አይሠራም፤ የቆመበትን ቦታና ጎረቤቶቹን ማየት ነው። ቀድሞት ዘ ወይም ኤ አለ? ከሱ በኋላ ምን መጣ? «የስተርደይ» የሚል ቃል ብንጨምርበት ለትናንት ተብሎ መልኩን የሚቀይረው የትኛው ቃል ነው? ኢዝ ወደ ዎዝ፣ ቢሎንግስ ወደ ቢሎንግድ ይቀየራል፤ ሲስተርና ቡክ ግን ንቅንቅ አይሉም። ልጅ በአንድ ቀን የሚለምዳት ዘዴ ናት። ከ«ድርጊትን የሚገልጽ ቃል» ይልቅ ይህችን በዜማ ብናስጮኻቸው ምን ነበረበት? አዎን፣ ፑትና ካት ትናንትም ዛሬም ያው ናቸው፤ እነሱ ያናድዳሉ። ቢሆንም ከአሥር ጥያቄ ብዙውን ታሻግር ነበር። በመጽሐፉ ግን ስለ ቦታ የሚነገረው ከስንት ምዕራፍ በኋላ ነው፤ እስከዚያ ልጁ በግምት መኖርን ተምሯል።

አንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ደግሞ ሆን ተብሎ ሰውን ለማሳሳት የተሠራ ይመስላል። የቋንቋ አጥኚዎች የሚወዱት አንድ አለ፦ «ዘ ኦልድ ማን ዘ ቦት»። አንባቢ ሁሉ «ሽማግሌው ሰውዬ» ብሎ ይጀምርና «ጀልባዋ» ላይ ሲደርስ ይደናቀፋል፤ ቨርብ የለማ! ተመልሶ ሲያየው ኦልድ «አረጋውያን» የሚል ናውን፣ ማን ደግሞ በሠራተኛነት ማንቀሳቀስ የሚል ቨርብ ሆኖ ያገኘዋል፤ ጀልባዋን የሚያንቀሳቅሷት አረጋውያኑ ናቸው። ለአጥኚዎቹ ጨዋታ ነው። ለእኛ ልጆች የዘወትር ኑሮ ነው፤ ሁሉም ዓረፍተ ነገር እንደዚህ ነው የሚመጣባቸው።

የቃል መጨረሻ ላይ ያሉ ምልክቶች ያድኑናል ብለን ነበር። «ኤስ ካለው ብዙ ቁጥር ነው» ተባልን፤ ቡክስ ላይ ሠራ፣ «ሺ ቡክስ ኤ ሩም» ላይ ከሸፈ። «ኤልዋይ ካለው አድቨርብ ነው» ተባልን፤ ፍሬንድሊና ለቭሊ አጀክቲቭ ሆነው ሳቁብን። ጎበዝ ሠራተኛን ለማመስገን «ሂ ወርክስ ሃርድሊ» ብሎ የጻፈ ስንት ሰው አለ! ሥራ አይነካም ማለት መሆኑን የሚያውቀው ምስጋናው ከተላከ በኋላ ነው።

አይኤንጂ ግን ለብቻዋ እሮሮ ይገባታል። «ሂ ኢዝ ስዊሚንግ» ሲባል የቨርብ አካል ናት። «ስዊሚንግ ኢዝ ጉድ ፎር ዩ» ሲባል የናውን ሥራ ትሠራለች፤ ጄረንድ በሏት ተባለ። «ኤ ስሊፒንግ ቻይልድ» ሲባል ልጁ ተኝቷል፤ ፓርቲሲፕል በሏት። «ኤ ስሊፒንግ ባግ» ሲባል ግን ከረጢቱ አልተኛም፤ የሚተኛበት ሌላ ነው፤ ስለዚህ ተመልሳ ጄረንድ። ሞርኒንግና ኢቭኒንግ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ነገር ውስጥ የሉበትም፤ ዝም ብለው ናውን ናቸው። ክፍሉ የሰለቸው ተማሪ ተነሥቶ «አይ አም ቦሪንግ» ሲል ማንንም አይድነቀው፤ «አሰልቺ ሰው ነኝ» ማለቱ እንደሆነ ነግረን ቦርድ በል ብንለው በነጋታው ፊልሙን «ኢንተረስትድ» አድርጎት ይመጣል።

ትንንሾቹ ቃላት ከትልልቆቹ ይከፋሉ። «ሂ ራን አፕ ዘ ሂል» እና «ሂ ራን አፕ ዘ ቢል» በአንድ ፊደል ነው የሚለያዩት። የመጀመሪያው ኮረብታውን ሽቅብ ሮጠ፤ ሁለተኛው ሒሳብ አከማቸ፣ እግሩን አላነሣም። በመጀመሪያው አፕ ፕሪፖዚሽን ናት፤ በሁለተኛው ከቨርቡ ጋር ተጣብቃ አንድ ትርጉም ሆናለች። ማረጋገጫው ደግሞ «ራን ዘ ቢል አፕ» ማለት ይቻላል፣ «ራን ዘ ሂል አፕ» ማለት አይቻልም የሚል ነው። ለማን ነው የማይቻለው? ቋንቋውን ከእናቱ ጡት ጋር ለጠባ ሰው ጆሮ። የእኛ ልጅ ሁለቱም እኩል ይሰሙታል፤ ማረጋገጫው የሚጠይቀው እሱ ገና ሊማረው የመጣውን ነገር ነው። የ«ቱ» ነገርም ይኸው ነው። «አይ ዎንት ቱ ጎ ቱ ስኩል» ውስጥ ሁለት ቱ አሉ፤ መንትያ ሲሆኑ ዝምድና የላቸውም ይባላል። በዚህ ላይ «ሉክ ፎርዋርድ ቱ» ከሚለው ቀጥሎ ሚት ሳይሆን ሚቲንግ ነው የሚመጣው፤ ይህን ስተው የተላኩ የሥራ ማመልከቻዎች ቢሰበሰቡ አንድ መጋዘን አይችላቸውም።

ጥፋቱ የእኛ ድንቁርና ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ይባል ነበር። ግን ቃላቱን የምንከትባቸውን እነዚህን ሣጥኖች የሠራቸው ማን ነው? ስምንቱ የንግግር ክፍሎች ከእንግሊዝኛ የተወለዱ አይደሉም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው ምዕተ ዓመት ገደማ በኖረው በእስክንድርያው ዲዮናስዮስ ትራክስ ስም የሚጠራ የግሪክ ሰዋስው ስምንት ቆጠረ፤ ቅጽልን ለብቻው አልቆጠረም፣ ከስም ጋር ነው ያየው። ሮማውያን ወሰዱት። ላቲን አርቲክል ስለሌለው አንድ ሣጥን ባዶ ሆነ፤ ቁጥሩ እንዳይጎድል ይመስል ቃለ አጋኖን አስገቡና ስምንት ሞሉት። በ4ኛው ምዕተ ዓመት ዶናቱስ ያስተማረው ይህንኑ ስምንት ነው። ከዚያ እንግሊዞች ተቀበሉ። ኋላ የለንደን ጳጳስ የሆነው ሮበርት ሎውዝ በ1762 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሰዋስው አርቲክልን መልሶ ዘጠኝ አደረጋቸው፤ ሊንድሊ መሪ በ1795 ዘጠኙን ይዞ ቀጠለ፤ ከነሱ በኋላ የመጡ የትምህርት ቤት መጻሕፍት አርቲክልን አጀክቲቭ ውስጥ ከተው እንደገና ስምንት አሉ። ለግሪክኛ የተሰፋ ልብስ በላቲን ተጠብቦ፣ በእንግሊዝኛ ተጥፎ እኛ ጋ ደረሰ፤ አልሆናችሁም ተብለን የምንወቀሰው ግን እኛ ነን። አማርኛውንም ቢሆን ሊቃውንቱ በአንድ ቁጥር አልተስማሙበትም፤ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ ስምንት ሲሉ ባዬ ይማም በ1987 ዓ.ም. ባሳተሙት «የአማርኛ ሰዋስው» አምስት ይበቃል ብለዋል። እሱን ለሌላ ቀን።

የቋንቋው ባለቤቶችስ? እነሱም እንደኛው ናቸው፤ እንዲያውም ሚኒስትራቸው ጭምር። በእንግሊዝ አገር ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንደኛ ደረጃን የሚጨርሱ የ10 እና የ11 ዓመት ልጆች የሰዋስው ፈተና ይቀመጣሉ። በ2016 ፈተናው ከበደ የሚል ጩኸት ሲበረታ የትምህርት ቤቶች ሚኒስትሩ ኒክ ጊብ ሊከላከሉለት ቢቢሲ ሬዲዮ ላይ ቀረቡ። ጋዜጠኛዋ እራቱን ከበላ በኋላ ሲኒማ ስለሄደ ሰው የሚናገር ዓረፍተ ነገር አንብባ አፍተር ምን እንደሆነች ጠየቀቻቸው። ፕሪፖዚሽን ናት አሉ። በፈተናው መልስ መሠረት ግን ሰብኦርዲኔቲንግ ኮንጃንክሽን ናት፤ ምክንያቱም ከኋላዋ የመጣው ስም ሳይሆን የራሱ ቨርብ ያለው ሐረግ ነው። ሚኒስትሩ በአየር ላይ ኤክስ ተመታባቸው፤ አገሩ ሳቀ።

እኔ ለሚኒስትር አዝኜ አላውቅም፤ ለእኚህ ግን አዘንኩ። ምክንያቱም ሰውየው የተሳሳቱት ፈተናውን ነው እንጂ ሰዋስውን ላይሆን ይችላል። ዴንማርካዊው የቋንቋ ሊቅ ኦቶ የስፐርሰን ገና በ1924 ይህን መለያየት አልወደደውም ነበር። ኢት የሚለው ቃል ምግቡ ተጠቅሶ ቢመጣም ሳይጠቀስ ቢመጣም ያው ቨርብ ነው፤ አፍተር ታዲያ የተከተላት ነገር በተለወጠ ቁጥር ለምን ስሟ ይለወጣል? ሮድኒ ሃድልስተንና ጄፍሪ ፑለም በ2002 ባወጡት ከ1800 ገጽ በላይ ባለው የካምብሪጅ ሰዋስውም አፍተር በሁለቱም ቦታ ፕሪፖዚሽን ናት። እንግዲህ ሚኒስትሩ ከሊቃውንቱ ጋር ተስማሙ፣ ከራሳቸው መሥሪያ ቤት ፈተና ጋር ተጣሉ። የ11 ዓመቱ ልጅ ግን ይህን ይግባኝ የሚልበት ቦታ የለውም፤ የመልስ ወረቀቱ ላይ ያለው አንድ ሣጥን ብቻ ነው።

ኮምፒውተር ይፍታው የሚል ካለ እሱም ተሞክሯል። የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከአራት ሚሊዮን ተኩል በላይ የእንግሊዝኛ ቃላትን አንድ በአንድ ምልክት ሰጥተው ለማሽን አሰናዱ። ስምንት አልበቃቸውም፤ የቃል መደባቸው 36 ሆነ። እንዲያም ሆኖ ቱ ላይ ሲደርሱ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? መንትዮቹን መለየት ትተው ለሁለቱም አንድ የብቻ ምልክት ሰጧቸው። አፍተርንም ሚኒስትሩ ባሉበት ቦታም ፈተናው ባለበት ቦታም በአንድ መደብ ውስጥ ከተቷት። በእንደዚህ ያለ መዝገብ የሠለጠኑ ፕሮግራሞች በዜና ጽሑፍ ላይ ከመቶ ቃል 97ቱን በትክክል ይለያሉ ይባላል፤ ደስ ይላል። ዓረፍተ ነገሩን ከዳር እስከ ዳር ሳይሳሳቱ የሚወጡት ግን ከግማሽ ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ በየሠላሳ ሦስቱ ቃል መሐል አንዷ ክፉ ቃል አትጠፋማ። የእኛ ልጅ ከአሥር ስድስት ሲያመጣ ጆሮው የሚቆነጠጠው ታዲያ በምን ሒሳብ ነው?

ይህን ሁሉ የምለው ቨርብ መለየት ከንቱ ነው ለማለት አይደለም። አገራችን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውንም ኬሚስትሪውንም በእንግሊዝኛ ታስተምራለች። «ዘ ሰብስታንስ ዲዞልቭድ ኢን ዘ ሶልቨንት ኢዝ ዘ ሶሉት» የሚለውን ያነበበ ተማሪ ዲዞልቭድን ቨርብ ካደረገው ነገሩ ሟሟ ብሎ ያቆማል፤ ኢዝ ከየት እንደመጣች ይጠፋዋል፤ ኬሚስትሪው ገደል ገባ። እዚህ ላይ ቨርቡን ማግኘት ነፍስ ነው። የሚያሳዝነው የእንግሊዝኛው ክፍለ ጊዜ እንደዚህ ያለውን ዓረፍተ ነገር ይዞ አለመቀመጡ ነው። የሚቀመጠው «ጆን ኪክድ ዘ ቦል» ላይ ነው። ጆን ኳሷን ይመታል፣ ልጁ ኪክድ ላይ ያሰምራል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል፣ ከዚያ ሁሉም የኬሚስትሪውን መጽሐፍ ከፍቶ ይጨልምበታል።

መምህሩም ምን ያድርግ? ክፍሉ ሞልቶ ተርፏል፣ የሚያርመው ደብተር ክምር ነው፣ ፈተናው ምርጫ ነው፣ መልሱ ከላይ ተዘጋጅቶ መጥቷል። «እንደ አቋቋሙ ነው» ብሎ ቢያስተምር ልጆቹ ፈተና ላይ የሚያጠቁሩት ኤ፣ ቢ፣ ሲ ወይም ዲን ነው፤ «እንደ አቋቋሙ» የሚል ምርጫ የለም። ዋሽንግተን አካባቢ የተወለዱት የዘመድ ልጆች ደግሞ ቋንቋውን እንደ ወፍ ይለቁታል፤ የትኛው ነው አድቨርቡ ሲባሉ ግን ትከሻቸውን ነቅንቀው ወደ ስልካቸው ይመለሳሉ። እኛ ስሙን ሸምድደን አፋችን አይፈታም፤ እነሱ አፋቸው ተፈትቶ ስሙን አያውቁም።

በእኛ ግቢ «እትዬ እንግሊዝኛ ትችላለች» የሚል ወሬ ከተነዛ ወዲህ ደብተሩ ሁሉ ወደኔ ቤት ነው የሚመጣው። ልጆቹ ሦስት የተለያየ ትምህርት ቤት ነው የሚማሩት፤ በአንድ ምሽት ሦስቱም «ማይ ቡክ» ውስጥ ያለችውን ማይ ይዘው መጡ። ፈርጅዋን እንድነግራቸው። የአንደኛው መጽሐፍ ፖሰሲቭ አጀክቲቭ ይላታል፣ የሁለተኛዋ ዲተርማይነር፣ የሦስተኛው ከፕሮናውኖች ሰንጠረዥ ውስጥ አስቀምጧታል። ድሮ ቢሆን አስቀምጬ አስረዳቸው ነበር። አሁን የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«የእናንተ ቲቸር ምን ትላታለች?»

«አጀክቲቭ።»

«እንግዲያው አጀክቲቭ ናት። የአንቺስ?»

«ዲተርማይነር፣ እትዬ።»

«በቃ፣ ዲተርማይነር።»

ሦስተኛው ጓደኞቹን እያየ ግራ ገባው። «እትዬ፣ የኔ ግን ፕሮናውን ይላል፤ ማናችን ነን ልክ?»

«ጻፍ ልጄ፣ መሽቷል።»

ሦስቱም ራይት አገኙ።